«ቱርክ» ማን ነበር? የጠላት ስያሜና የውጭ ፖለቲካ በደብረ ታቦር ታሪክ

በአላህ ስም እጅግ በጣም ርኅሩኅ፣ እጅግ በጣም አዛኝ በሆነው።

ከደብረ ታቦር በቅርብ ርቀት የምትገኘው ጋፋት በትምህርት መጻሕፍት የምትታወሰው በመድፍ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ የአውሮፓ ሚሲዮናውያንን ሰብስበው መድፍ ያሠሩት በዚያች ስፍራ ሲሆን፣ ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነው ትልቁ መድፍ «ሴባስቶፖል» ተባለ። የስሙን ምንጭ ቆም ብሎ የሚጠይቅ መምህር ግን ብዙ አላጋጠመንም። ሴባስቶፖል በክሪሚያ የምትገኝ የሩሲያ ወደብ ነበረች፤ በ1854 እና በ1855 (እ.ኤ.አ.) ከብበው የወጓትም እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ቱርክ በአንድ ሰልፍ ቆመው ነው። ክርስቲያኗ እንግሊዝ ከሙስሊሙ ሱልጣን ጎን ተሰልፋ ክርስቲያኗን ሩሲያ ወጋች ማለት ነው። ይህን ስም በኋላ በመድፋቸው ላይ ያኖሩት ንጉሥ፣ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብለው ለዚያችው እንግሊዝ ንግሥት በጻፉት ደብዳቤ፣ ክርስቲያን ናችሁና በእስላም ላይ እርዱኝ የሚል መንፈስ ያለው ልመና አቅርበው ነበር።

መድፉና ደብዳቤው አብረው ሲነበቡ አንድ ጥያቄ ይነሣል። መንግሥታት ለጠላታቸው የሚሰጡት ስም ጠላቱን ይገልጣልን? ወይስ ለመሥራት ያሰቡትን ሥራ ያጸድቃል? በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን የምንመረምረው ከደብረ ታቦርና ከአካባቢዋ ታሪክ ተነሥተን ነው። ከሥራው ጋር ሦስት ጊዜ በተለያየ መልክ የተገናኘች ከተማ ስለ ሆነች ለዚህ ትመቻለች። ዓመተ ምሕረቶቹ ሌላ ምልክት ከሌላቸው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

፩. ራስ ዓሊና «እስላምነታቸው»

ደብረ ታቦርን መናገሻ ያደረጉት የየጁ መሳፍንት ናቸው፤ ከተማዋንም የቆረቆሩት ራስ ጉግሳ መርሶ እንደ ሆኑ ይነገራል። የቤቱ ጥንተ ዘር ሙስሊም ነበር፤ ሥልጣን ሲይዝ ክርስትናን ተቀበለ። የዚህ ቤት የመጨረሻው ገዥ ዳግማዊ ራስ ዓሊ፣ በወሎ ካሉት ሙስሊም ዘመዶቻቸው ጋር ያላቸውን ትስስር ያልቆረጡ፣ በዘመኑ ሚዛን ለሙስሊሞች ፊታቸውን ያላጠቆሩ ሰው ነበሩ። በየካቲት 1834 የሰሜኑና የትግራዩ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ደብረ ታቦር ላይ ጦርነት ሲከፍቱባቸው የያዙት ዋና ክስ ይኸው ነበር፦ ዓሊ በስሙ ክርስቲያን፣ በልቡ እስላም ነው። ከግብፅ ገና የመጡት አቡነ ሰላማም ከውቤ ጋር ነበሩ።

የጦርነቱ ፍጻሜ ለታሪክ ተማሪ ትልቅ ትምህርት አለው። ውቤ በጠመንጃቸው ብዛት ድል ካደረጉ በኋላ በድሉ ደስታ መካከል በዓሊ ወገን ተማረኩ፤ ዓሊም ወደ ደብረ ታቦር ተመለሱ። ጳጳሱ ከራስ ዓሊ ጋር ታረቁ፣ ውቤም ተፈትተው ወደ ግዛታቸው ገቡ። ከጦርነቱ በፊት ያን ያህል ከባድ የነበረው «እስላም» የሚለው ክስ ከዕርቁ በኋላ ምን ሆነ? የራስ ዓሊ ሃይማኖት በእነዚያ ሳምንታት አልተለወጠም፤ የተለወጠው የኃይል ሚዛኑ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በ1842 የእንግሊዙ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን ከእኒሁ ራስ ዓሊ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረመ። ለንጉሠ ነገሥቱ ዙፋን የሚታገሉት «እስላም» ያሏቸውን ሰው፣ ንግድ የፈለገችው እንግሊዝ የኢትዮጵያ ገዥ ብላ ተዋዋለች።

፪. የዐፄ ቴዎድሮስ ደብዳቤ

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1855 መጀመሪያ ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ በታሪካችን እጅግ ከተነገረላቸው ሰነዶች አንዱ ነው። በአጭሩ የሚለው ይህን ነው፦ አባቶቻቸው ነገሥታት ፈጣሪን ስለ ረሱ መንግሥታቸው በባዕዳን እጅ ወድቆ ነበር፤ እግዚአብሔር እሳቸውን ከትቢያ አንሥቶ አነገሣቸው፤ ቱርኮችን ካባቶቻቸው ምድር እንዲወጡ ቢነግሯቸው እምቢ አሉ፤ ስለዚህም ሊገጥሟቸው ተነሥተዋል። በመጨረሻም እስላም ክርስቲያኑን እንዴት እንደሚያስጨንቅ ንግሥቲቱ እንድትመለከት ይጠይቃሉ።

ይህን ደብዳቤ ብሔራዊ ታሪክ ጸሐፊዎች በአብዛኛው የሚያነቡት እንደ ተዋረደ ክብር ታሪክ ነው፦ መልካም ንጉሥ ጻፈ፣ ትዕቢተኛ መንግሥት መልስ ነፈገው። በእኛ መድረሳዎች ደግሞ፣ ፈጽሞ ካልተዘለለ፣ የሚነበበው እንደ ጥላቻ ማስረጃ ነው። ሁለቱም ንባቦች ጎደሎ ናቸው ብለን እናምናለን።

በመጀመሪያ ለንጉሡ ፍትሕ እናድርግ። ጠላታቸው ምናባዊ አልነበረም። ምጽዋ ከ1557 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በኦስማኖች ሥር ነበረች፤ በምዕራብ በኩል ሱዳንን የያዘው የግብፅ መንግሥት ወሰኑን ይገፋ ነበር፤ ቴዎድሮስም ገና ካሣ ሳሉ በ1840 ደባርቂ ላይ በዚያው ጦር ተሸንፈው የመድፍን ኃይል በዓይናቸው አይተዋል። የባሕር በርና የጦር መሣሪያ የፈለገ ንጉሥ ይህን ሥጋት ሥጋት ማለቱ ስሕተት አይደለም።

ስሕተቱ ሌላ ቦታ ነው። ጠላቱ እውነት ነበር፤ ስሙ ግን ከጠላቱ ይሰፋ ነበር። «ቱርክ» በሚለው አንድ ቃል ውስጥ የኢስታንቡሉ ሱልጣን፣ ከሱልጣኑ ጋር የራሱ ክርክር ያለበት የካይሮ ገዥ፣ የምጽዋ አካባቢ ተወላጅ የሆነው ናኢብና ከሱዳን የተመለመለው ወታደር ሁሉ ገቡ። ከዚህም በላይ ደብዳቤው ከቱርክ ጎን ለጎን፣ ዛሬ የኦሮሞ ሕዝብ እንደ ስድብ የሚቆጥረውን የዚያን ዘመን ስም አስቀምጦ፣ የየጁንና የወሎን ቤቶች ከውጭ ጠላት ጋር በአንድ ትንፋሽ ይጠራል። የባሕሩ ጠላትና የደጁ ተወላጅ በአንድ ስም ታሰሩ። ስለ ወደብ የተጀመረው ነገር ስለ እምነት ሆነ፤ ስለ እምነት ከሆነ ደግሞ ምጽዋን አይቶ የማያውቀው የበጌምድር ሙስሊም ሸማኔና ነጋዴ፣ ርስት የተነፈገ ዜጋ መሆኑ ሳያንስ፣ የሩቅ ሱልጣን ወገን ሆኖ ተቆጠረ።

ስሙ እንዲህ የሰፋው በከንቱ አይደለም፤ የተጻፈው ለሦስተኛ አድማጭ ነበርና ነው። ለእንግሊዝ «ምጽዋን እፈልጋለሁ» ቢሏት የራሷን ጥቅም ትመዝናለች፤ «እስላም ክርስቲያንን አስጨነቀ» ቢሏት ግን ሃይማኖቷ ያስገድዳታል ተብሎ ታሰበ። ግምቱ ፈረሰ። ለንደን በዚያ ዘመን ኦስማኖችን በሩሲያ ላይ እንደ አጥር የምትጠብቅ ነበረች፤ ግብፅም ለጥጧና ለህንድ መንገዷ ታስፈልጋት ነበር። ደብዳቤው ያለ መልስ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ እናውቃለን፦ ቆንስል ካሜሮንና ሌሎች አውሮፓውያን ታሰሩ፤ ንጉሡ በ1860 መጀመሪያ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ሴባስቶፖልን እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ተጓዙ፤ የናፒየር ጦር መጣ፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ንጉሡ ራሳቸውን ሠዉ።

በዚህ መካከል ስያሜ ተገልብጦ በሰያሚው ላይ ወደቀ። ትናንት በእንግሊዝ መንገደኞች ጽሑፍ የክርስቲያን አፍሪካ ተስፋ ተብለው የተወደሱት ንጉሥ በለንደን ጋዜጦችና በፓርላማ «አረመኔ» እና «እብድ» ተባሉ፤ ዘመቻውም በዚህ ስም ጸደቀ። ወደ 13,000 የሚጠጋው ጦር በአብዛኛው ከህንድ፣ ከቦምቤይ ሠራዊት የተውጣጣ ነበር፤ በውስጡም ሙስሊም ወታደሮች ነበሩበት። የክርስቲያን ርዳታ የጠየቁት ንጉሥ ላይ ክርስቲያኗ ንግሥት ሂንዱ፣ ሲክና ሙስሊም ያለበት ጦር ላከች። የሃይማኖት ስም የውጭ ፖለቲካን እንደማያስረዳ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ማን ይፈልጋል?

፫. ዐፄ ዮሐንስ፦ ተለዋዋጩ ጠላት

ዐፄ ዮሐንስ የኸዲቭ እስማኤልን ጦር በኅዳር 1868 ጉንዴት ላይ፣ ከዚያም በዚያው ዓመት ጉራ ላይ ድል አደረጉ። ሕዝቡም ሆነ ቤተ መንግሥቱ ድሉን «በቱርክ» ላይ የተገኘ፣ የመስቀል ድል አድርጎ አየው። ይሁን እንጂ ጉንዴት ላይ የወደቀው አዛዥ አሬንድሩፕ ዴንማርካዊ ነበር፤ ጉራ ላይ በጦሩ አመራር ውስጥ የነበረው ሎሪንግ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጄኔራል ነበር፤ በዚያው ጊዜ በአውሳ የተገደለው ሙንዚንገር ስዊሳዊ ነበር። «የእስላም ጦር» የተባለው በክርስቲያን መኰንኖች የሚመራ የካይሮ መንግሥት የወረራ ኃይል ነበር።

ድሉ ካለፈ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1870 በቦሩ ሜዳ ጉባኤ፣ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ታዘዙ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ራስ ሚካኤል ሆኑ፤ ሸይኽ ጦልሓ ቢን ጃዕፈርን የመሳሰሉ ዑለማኦች አንጠመቅም ብለው ታገሉ፤ ብዙ ቤተሰብም ተሰደደ። ታሪክ ጸሐፊዎች ለዚህ የሚሰጡት ምክንያት የአገር አንድነት ነው፤ እኛ ግን ከሁለቱ የግብፅ ጦርነቶች ቀጥሎ መምጣቱን ከቁም ነገር እንቆጥራለን። በወሰን ላይ «ቱርክ» የተባለው ስም ወደ ቦረና፣ ወደ የጁና ወደ ወረሂመኑ ቤት ገባ። የግብፅን ጦር የጋበዘ የወሎ ገበሬ አልነበረም፤ የስሙን ዕዳ የከፈለው ግን እሱ ነው።

አሁን ወደ ደብረ ታቦር እንመለስ። በጥቅምት 1872 የኸዲቭ ተውፊቅ መልእክተኛ ሆኖ በዮሐንስ ፊት የቀረበው ቻርልስ ጎርደን፣ እንግሊዛዊና ጽኑ ክርስቲያን ነበር። ንጉሡ ከጠየቁት ውስጥ ቦጎስና መተማ፣ የባሕር በር፣ እንዲሁም ከእስክንድርያ የሚላክ ጳጳስ ይገኙበታል። ይህን በጥሞና እናስተውል። «የቱርክ» አገር ተብላ ከምትወገዘው ግብፅ ጳጳስ ካልመጣ የክርስቲያኑ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ራስ የለውም ነበር። የሁለቱ አገሮች ግንኙነት የጠላትነት ብቻ ሆኖ አያውቅም፤ የጠላትነት ብቻ ያስመሰለው ስሙ ነው።

በግንቦት 1876 ደግሞ ዓድዋ ላይ የሂዌት ውል ተፈረመ። በሱዳን መህዲስቶች ተነሥተው የግብፅን የጦር ሰፈሮች ስለ ከበቡ፣ ዮሐንስ የተከበቡት «ቱርኮች» በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጡ ሊረዱ፣ በምላሹ ቦጎስን ሊቀበሉ ተስማሙ። የትናንቱ ቱርክ የሚታደጉት ሆነ፤ አዲሱ ጠላት «ደርቡሽ» ተባለ። በሚቀጥለው ዓመት ጥር ግን ጣልያን እንግሊዝ እያወቀች ምጽዋን ያዘች። ዮሐንስ ለአንዱ ክርስቲያን መንግሥት ሲሉ ከሙስሊም ጎረቤት ጋር ጦር ተማዘዙ፤ ሌላው ክርስቲያን መንግሥት ከጀርባ በራቸውን ዘጋ።

ፍርዳችን ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ እንዳይሆን የሌላውንም ወገን ሥራ እንናገር። የኸሊፋ ዓብዱላሂ አዛዥ ሐምዳን አቡ አንጃ በጥር 1880 ጎንደር ገብቶ ከተማዋንና አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠለ፣ ሕዝብ ማርኮ ወሰደ። ይህን ያደረገው «ከሃዲ» የሚለውን ስም ይዞ ነው። ሐበሾች ካልነኳችሁ አትንኳቸው የሚል መልእክት ያለው ሐዲሥ በአቡ ዳዉድ ሱነን ውስጥ መዘገቡን በዚያ የነበሩ ፉቀሃኦች አያውቁም ነበር ለማለት ያስቸግራል። የጦር ግፍ በጦር ግፍ ሲመለስ፣ ሐዲሡ የሚጠብቀው ደካማው ክርስቲያን ገበሬ ተረሳ።

ከሁሉም የሚደንቀው በታኅሣሥ 1881 ዮሐንስ ለአቡ አንጃ የላኩት የሰላም ደብዳቤ ነው። ንጉሡ በዚያ ደብዳቤ፣ የሁለታችን ጠላት አውሮፓውያን ናቸው፤ እርስ በርስ ድኻውን ከምናስጨርስ ተባብረን እንቁም የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ዕድሜ ልካቸውን «እስላም» የሚለውን ስም ለጦርነት የተጠቀሙ ንጉሥ በመጨረሻው ሰዓት ስሙን ገፍተው ጥቅሙን አዩ። ከመህዲስቶች በኩል የመጣው መልስ ግን ስድብ ነበር። በመጋቢት ወር መተማ ላይ ንጉሡ ወደቁ፤ ሁለቱም መንግሥታት ተዳከሙ፤ ጣልያን ወደ ደጋው ወጣች፤ ከአሥር ዓመት በማይበልጥ ጊዜ ውስጥም የመህዲስቶቹ መንግሥት በእንግሊዝ ጦር ፈረሰ። በመድረሳዎቻችን የቦሩ ሜዳን ግፍ ስናስተምር ይህን ደብዳቤ የማናስተምረው ለምንድን ነው? እኛም ለብዙ ዓመታት ሳናስተምረው ቆይተናል፤ ይህን ማመን ይገባናል።

፬. ከዚያ ወዲህ

ሥራው በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን አላበቃም። መስከረም 17 ቀን 1909 ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን የወረዱት ሰልመዋል ተብለው ነው። በአዲስ አበባ የነበሩት የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የጣልያን ሌጋሲዮኖች፣ ኢያሱ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወደ ቱርክና ወደ ጀርመን ያዘነብላሉ ብለው ስለ ሠጉ ክሱን ደግፈዋል። ከሃያ ዓመት በኋላ ጣልያን ተገለበጠች፤ ሙሶሊኒ በትሪፖሊ «የእስልምና ሰይፍ» ጨብጦ የሙስሊሞች ጠባቂ ነኝ አለ። በ1909 መስለም ወንጀል ነው ብላ የመሰከረች መንግሥት በ1929 የሙስሊም ወዳጅ ሆነች። በሁለቱም ጊዜ የፈለገችው አንድ ነገር ነበር፤ እሱም ኢትዮጵያን ነው።

በእኛ ዘመን ደግሞ በኅዳር 1999 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሶማሊያ እስላማዊ ፍርድ ቤቶች ኅብረት ላይ አስፈላጊውን እርምጃ ለመውሰድ ለመንግሥት ፈቀደ፤ በታኅሣሥ ጦሩ ወደ ሞቃዲሾ ዘለቀ። በኅብረቱ ውስጥ በኢትዮጵያ ላይ ጂሃድ ያወጁ ነበሩ፤ ይህ መካድ የለበትም፤ እነሱም በሚሊዮን የሚቆጠር ሙስሊም ያለባትን አገር በአንድ የጠላት ስም ጠርተዋል። ከወዲህ ደግሞ «አሸባሪ» እና «ጂሃዲስት» የሚሉት ቃላት ኅብረቱን በሙሉ፣ ለዘብተኛውንም አክራሪውንም አንድ አድርገው ሸፈኑ። ጦሩ በጥር 2001 ሲወጣ የኅብረቱ ሊቀመንበር የነበሩት ሸይኽ ሸሪፍ አሕመድ የሶማሊያ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ፤ ኢትዮጵያም ከመንግሥታቸው ጋር ሠራች። ስያሜው ትክክል ቢሆን ኖሮ ይህ ባልሆነ፤ ይህ ትክክል ከሆነ ደግሞ የሁለቱ ዓመታት ስያሜ ሰፊ ነበር። በኅብረቱ ውስጥ የነበረው ጨካኙ ክፍል፣ አል-ሸባብ፣ በጦርነቱ መካከል ጠንክሮ መውጣቱም ሌላው ትምህርት ነው።

ቃላቱ ግን ከጦሩ ጋር አልተመለሱም። በ2001 የወጣው የፀረ ሽብር አዋጅ ቁጥር 652 ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሙስሊሞችን ጥያቄ ያቀረቡ የኮሚቴ አባላት የተከሰሱበት ሕግ ሆነ። ይኸው ሕግ ሌሎች ተቃዋሚዎችንና ጋዜጠኞችንም ስለ ነካ የሙስሊም ብቻ ዕዳ አይደለም። በ2012 በሌላ አዋጅ ተተክቷል። ከቱርክ እስከ አሸባሪ ያለው መንገድ ግን አንድ ነው፦ ለወሰን የተሠራ ስም ወደ ቤት ይገባል።

፭. ሚዛኑ

ቁርኣን ለዚህ ጉዳይ ቃል አላጣለትም። በሱረቱ-ኒሳእ አንቀጽ 94 አማኞች በአላህ መንገድ ሲጓዙ ነገሩን እንዲያጣሩ፣ የሰላምታን ቃል ያቀረበላቸውን ሰው የቅርቢቱን ሕይወት ጥቅም ፈልገው «አማኝ አይደለህም» እንዳይሉት ይከለክላል። ተፍሲር ስናስተምር ይህን አንቀጽ በአንድ ሰው ግድያ ላይ እንደ ወረደ እናስረዳና እናልፋለን። አንቀጹ ግን ስያሜን ከጥቅም ጋር አያይዞ ያጋልጣል፤ «አማኝ አይደለህም» የሚለው ቃል ከኋላው ምርኮ ተሸክሞ ሊሆን እንደሚችል ይነግረናል። ውቤ ራስ ዓሊን «እስላም» ሲሉ ከክሱ ኋላ ደብረ ታቦር ነበረች፤ አቡ አንጃ ጎንደርን «የከሃዲ አገር» ሲላት ከክሱ ኋላ ምርኮ ነበር። በሱረቱል ሑጁራት አንቀጽ 6 ወሬን ማጣራት፣ በአንቀጽ 11 በመጥፎ ስሞች አለመጠራራት ታዟል፤ በሱረቱል ማኢዳ አንቀጽ 8 ሕዝብን መጥላት ፍትሕን ወደ መተው እንዳይገፋን ተነግሮናል። እነዚህ አንቀጾች ለጎረቤት ጠብ ብቻ የወረዱ አድርገን ማንበባችን ለመንግሥታት ትልቅ ምቾት ሰጥቷቸዋል።

ለመምህሩና ለኢማሙ የምናቀርበው ሐሳብ ሦስት ነው። አንደኛ፣ የጠላት ስም በሰነድ ወይም በዜና ስንሰማ፣ ስሙ ማንን ከማን ጋር እንዳሰረ፣ ለማን ጆሮ እንደ ተነገረና ከኋላው ምን ወደብ፣ ምን ግዛት፣ ምን ሥልጣን እንዳለ እንጠይቅ። ሁለተኛ፣ ስሙ የእኛ ወገን ያወጣው ሲሆን ጥያቄው ይበልጥ ይጥበቅ። በኹጥባዎቻችን «መስቀላውያን» የሚለው ቃል አንዳንዴ አንድን መንግሥት፣ አንዳንዴ አንድን የፖለቲካ ቡድን፣ አንዳንዴም ከእኛ ጋር እድርና ገበያ የሚጋራውን የፋርጣን ወይም የእስቴን ገበሬ ያጠቃልላል። ይህ በትክክል «ቱርክ» የሚለው ስም በአባቶቻችን ላይ የሠራው ሥራ ነው፤ ተበድለንበት ስናበቃ ልንወርሰው አይገባም። ሦስተኛ፣ ታሪካችንን ስናስተምር ስሙን የሚያፈርሱትን ማስረጃዎች አንደብቅ። በ1640 የየመኑ ኢማም መልእክተኛ ቃዲ ሐሰን አል-ሐይሚ ጎንደር ድረስ መጥቶ በዐፄ ፋሲል ዘንድ ተቀብሏል፤ ፋሲል የሮማ ካህናት እንዳይገቡበት የፈለጉት ርዳታ ከሙስሊም ገዥዎች ነበር። በዚያ ዘመን የጠላት ስም «ፈረንጅ» ነበር፤ ጎረቤት የነበረው ደግሞ ሙስሊሙ ነበር።

የደብረ ታቦር ሙስሊም ዛሬም በዚያችው ከተማ ይኖራል፤ ለዘመናት አብሮት የኖረው ክርስቲያንም እንዲሁ። በሁለቱ መካከል የሚወድቀውን ስም አብዛኛውን ጊዜ የሚቀርጸው ከእነሱ ውጭ ያለ፣ የራሱን ጉዳይ የሚያሳድድ ኃይል ነው። ዓርብ ሚንበር ላይ የሚወጣው ኢማም ያን ስም ከመድገሙ በፊት ማጣራት ይችላል፤ ከተጣራ በኋላ የቀረ በደል ካለ በበደለኛው ስም ይጠራው፣ በሕዝብ ስም አይጥራው። ወላሁ አዕለም።